የላላው ብሎን

የሙያ ጓደኞቹ «ውሃ ልክ» የሚሉት አናጺ፣ ወገቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ቤቱ ከተመለሰ ወዲህ እንደ ጣውላ ተጋድሞ ነው የሚውለው። ሐኪሞቹ የተንሸራተተውን አከርካሪውን በብሎን አስረውለታል። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን» ብሎ ያልፍ ነበር። እሱ ግን የብሎንን ጠባይ ያውቃል። የሚነቃነቅ ነገር ውስጥ የገባ ብሎን ቀዳዳውን እያሰፋ እያሰፋ እንደሚላላ፣ ዕድሜውን ሙሉ ወንበርና ቁምሳጥን ሲገጥም ከኖረ ሰው በላይ ማን ይመሰክራል?

ስለዚህ እንዲሠራ ከታዘዘው እንቅስቃሴ አንዱንም አልሠራም። እንቅስቃሴውን የምትከታተለው ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ መጥታ ስትጠይቀው «ሠርቻለሁ» ይላል፤ ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች።

የዛሬው ግን እንደሌላው ቀን አልሆነም። ፊዚዮቴራፒስቷ እንደገባች ብርድ ልብሱን ገለጠችና ሁለቱንም ባቶቹን ያዘች።

«ጋሼ፣ ይሄ እግር አልሠራም።»

«ሠርቻለሁ አልኩሽ እኮ ልጄ!»

«አሁን የጠየቅኩት እርስዎን አይደለም፤ እግርዎን ነው። እስቲ ራስዎ ይዳስሱት።»

ዳሰሰ። የተላገ እንጨት ላይ የፀጉር ያህል ጉብታ የሚያገኝ እጅ ነውና ብዙ አልፈጀበትም። የግራ ባቱ ሟሙቷል፤ ቆዳው ተንጠልጥሏል።

«ቀዶ ሕክምናው ነርቩን ከተጫነው ነገር አላቆታል» አለች። «ጉልበቱን የሚመልሰው ግን እንቅስቃሴው ነው። እንዲህ ተኝተው ከቀጠሉ ይሄ እግር ይሰልላል። ያኔ ይመለሳል ብሎ የሚምልልዎት የለም።»

ሚስቱ አላስቻላትም። «ብሎኑ ይላላል ብሎ ነው! አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም፤ እኔንም አብሮ አስዋሸኝ!»

«አንቺ ሴትዮ!»

«ምን አንቺ ሴትዮ ትለኛለህ? እግርህ ሲሰልል በአፍህ ልትራመድ ነው?»

ፊዚዮቴራፒስቷ አልሳቀችም። «ብሎኑን ራጁ ላይ አይተነዋል፤ ጠብቆ ተቀምጧል። የተከለከሉት ማጎንበስ፣ መጠምዘዝና ከባድ ማንሳት ነው። መራመድ አልተከለከሉም።»

«እንጨት ውስጥ ያለውም እስኪላላ ድረስ ጠብቆ ነው የሚቀመጠው።»

«እንጨት የተቆረጠ ነው ጋሼ። አጥንት ሕይወት አለው፤ ብሎኑን እያቀፈ ያድጋል። ቀዳዳውን ራሱ የደፈነ ጣውላ አይተው ያውቃሉ?»

ብርድ ልብሱን መልሶ ሊጎትት ሲል ያዘችበት።

«በጎንዎ ይዙሩ። ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ። እግርዎን ወደ ታች፣ በክርንዎ ይግፉ።»

ተቀመጠ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ከአልጋው አጠገብ ያለውን ባለ መደገፊያ ወንበር ጨብጦ ቆመ። የግራ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ክብደቱን ወደዚያው ሲያዞር፣ ቋ!

እንደቆመ ደረቀ።

«ወለቀ» አለ በሹክሹክታ።

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ፊዚዮቴራፒስቷ ክንዱን ደገፈችው። «አመመዎት? ደነዘዘዎት?»

ሰውነቱን ከራስ እስከ እግሩ አዳመጠ። ምንም የለም። ትንፋሹን ውጦ በድጋሚ ተጫነ። ቋ! ከእጁ ሥር ነው። ብሎኑ ላልቶ የወንበሩ መደገፊያ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ይኸው!» አለች ሚስቱ። «ከተጋባን ጀምሮ ይሄ ወንበር ላልቷል፣ ላልቷል ስልህ! የሰው ዕቃ እየሠራህ የቤትህን መቼ አየኸው?»

ፊቱ ቀላ። «ካቻቢቴውን አምጪልኝ።»

ሚስቱ ብድግ ስትል ፊዚዮቴራፒስቷ በእጇ አስቆመቻት። «የት ነው ያለው?»

«መስኮቱ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ።»

«ሄደው ያምጡት ጋሼ።»

ትናንት ቅርብ የነበረ መስኮት ሌላ ሰፈር ሆነበት። ወንበሩን ለቀቀ። ቀኙ ቀደመ፤ ግራው ወለሉን እየፋቀ ተከተለ። አንድ ጊዜ ጉልበቱ ከዳው፤ የፊዚዮቴራፒስቷን ክንድ ጨበጠና ቆየ፤ ቀጠለ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ የካቻቢቴውን እጀታ እንደ ጠፋ ዘመድ አጥብቆ ያዘው።

«በይ፣ ወንበሩን ወደዚህ አምጪልኝ» አላት ሚስቱን።

ሚስቱ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

የመጣበትን ወለል እስከ ወንበሩ ድረስ ተመለከተ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዘው፣ ግራውን አስቀደመ።