ከበሩ ውጭ ሆና የተማረችው

ኤደን አረብ አገር፣ ሳልዋ የሚባል ሰፈር ያለ ቪላ ስትቀጠር ሀጂራ እዚያ ቤት ዓመታት ኖራለች። ሥራዋ አልጋ ላይ የዋሉትን የአሠሪያቸውን የማዳምን እናት መንከባከብ ነበር። ሁሉም "ማማ" ይሏቸዋል። ለኤደን ጽዳቱና ልብሱ ደረሳት። የማማን ክፍል ልትወለውል ስትገባ ሀጂራ አልጋውን በጀርባዋ ትከልልባታለች።

"እትዬ ሀጂራ፣ ላግዝዎት?"

"አያስፈልግም። የራስሽን ሥሪ።"

ኤደን ክፋት መስሏት ነበር። አንድ ቀን አንሶላ ሲያጥፉ ግን ሀጂራ ራሷ ነገረቻት። "እዚህ የሚያኖረኝ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ነው። ሁለት ሰው ካወቀው አንዷ ትርፍ ናት።"

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ከቤቱ የሚወጣም የሚገባም ጠፋ። ሀጂራ ማሳል ስትጀምር ማዳም ከሩቅ ሆና ጣራ ላይ ወዳለችው ክፍል እንድትወጣ አዘዘቻት። ወደ ኤደንም ዞረች።

"ከዛሬ ጀምሮ ማማን የምታያት አንቺ ነሽ።"

ኤደን ሾርባ ይዛ ገባች። ማማ ጥርሳቸውን ነከሱ። ልታገላብጣቸው ብትሞክር ጮኹ። በማግስቱም አልበሉም፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጠቀ። ማዳም በሩ ላይ ቆማ ታያለች እንጂ አትገባም።

ኤደን የሀጂራን ምሳ ይዛ ጣራው ላይ ወጣችና ሳህኑን በሩ ሥር አስቀመጠች።

"እትዬ ሀጂራ፣ ማማ አልበሉም።"

ከውስጥ ሳል ብቻ ተሰማ።

"ውኃም አልዋጡም።"

ልትወርድ ስትል የሀጂራ ድምፅ መጣ። "በየት በኩል ሆነሽ ነው የምታጎርሻቸው?"

"በግራ።"

"ግራ ዓይናቸው አያይም፤ እጅ ድንገት ሲመጣባቸው ይደነግጣሉ። በቀኝ ዙሪ። መጀመሪያ እጃቸውን ያዢ፤ ማንኪያው ኋላ ይደርሳል። ሾርባውንም ወፈር አድርጊው፤ ቀጭኑ ትን ይላቸዋል።"

ኤደን እንደተባለችው አደረገች። ማማ አፋቸውን ከፈቱ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ምንም አልተሰማትም። ማንኪያውን ደግማ ሞላች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ምሳ ይዛ እየወጣች በሩ ሥር ትቀመጣለች። በአንሶላ ስባ እንዴት እንደምታገላብጣቸው፣ ተረከዛቸው እንዳይቆስል ትራሱ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ማቃሰት ሕመም የትኛው ኩርፊያ እንደሆነ ሀጂራ ነገረቻት። ድምፅዋ ግን በየቀኑ እየሳሳ ሄደ።

"ለምን ይነግሩኛል?" አለቻት ኤደን አንድ ቀን።

"ታዲያ በረሃብ ይሙቱ?"

በመጨረሻ አምቡላንስ መጣ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሀጂራን በወንበር ሲያወርዷት ኤደን በወጥ ቤቱ መስኮት አየች። የያዘችውን ሳህን አለቅልቃ ሌላ አነሳች።

ሀጂራ ከሆስፒታል ስትመለስ ልብሷ ሰፍቷት፣ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዝ ነበር። ኤርፖርት ሲከፈት ማዳም ሁለቱንም ጠራቻቸው።

"ሀጂራ፣ ደክመሻል። አገርሽ ግቢና እረፊ። ኤደን ትችላለች።"

"ብቻዬን አልችልም፣ ማዳም" አለች ኤደን።

"ማማ ክፍል ባለው ካሜራ አይቼሻለሁ" አለች ማዳም። "ከእሷ ትሻያለሽ።"

ሀጂራ ወጥታ ዕቃዋን ሰበሰበች። ሻንጣዋን ስታስር ኤደን ገመዱን ይዛላት ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።"

"ምን አድርገሽ? የነገርኩሽ እኔ ነኝ።" ገመዱን በጉልበቷ ተጭና ቋጠረችው። "ነገ ሌላ ልጅ ቢያመጡብሽ ትነግሪያታለሽ?"

"እንጃ።"

"እኔም እንጃ ነበር የምለው።"

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ኤደን ሻንጣውን እስከ መኪናው አደረሰችላት። ሀጂራ ጉንጯን ሳመቻትና ገባች። መኪናው ሲታጠፍ ኤደን እንባዋ እንዲመጣ ጠበቀች። አልመጣም። በሩን ዘግታ ወደ ማማ ክፍል ገባች።

ማማ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ሀጂራ?" አሉ።

"አቤት" አለች ኤደን።