የቁም ቀብር

የሰፈሬ ሰው ደግ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ውለታ ቢስ እንዳልባል ነው። ደግነቱ ግን ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ገድሎኛል፤ በ1974 ዓ.ም. በታኅሣሥ ሚካኤል ጧት፣ ያውም በጥሩንባ።

ዓይኔን ፈንጣጣ የወሰደው በስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሊሞላ ነውና ከጨለማው ጋር ተላምደናል። የምተዳደረው በፈትል ነው። ደብረ ታቦር ላይ ከእኔ አቅጥኖ የሚፈትል እንደሌለ ሸማኔው ሙሳ ይመሰክራል፤ ጥጡን የሚያመጣልኝም ፈትሉን የሚወስደውም እሱ ነው። ሙሳ ቤቴ ሲገባ እጄን አይጎትትም፣ «እኔን!» እያለ አይተነፍስም። «ጥጡን በግራሽ በኩል ከመደቡ ላይ አኑሬዋለሁ» ይልና ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ሌላው ሰው ይረዳኛል። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፤ ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ የጎረቤት ሴቶች ተራ ገብተው ይረዱኛል። አንዷ ቤት ስትጠርግ ድስቴን ከቦታው ታነሳለች። ሌላዋ የጨውና የበርበሬ ቅሎቼን ታዘዋውራለች፤ «ለዓይን እንዲያምር ብዬ ነው» ትላለች። ለማን ዓይን? በትሬን እንኳ እንዳያደናቅፈኝ ብለው ጣራው ላይ ይሰኩታል። ከሁሉ የባሰችው ግን ፈንታነሽ ናት። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ምን ዓይነት ጆሮ እንደ ተሰጣት እንጃ፣ እንስራዬን ገና ከመሬት ሳነሳ ትሰማለች። «ውይ እኔ ልሙት! አንቺ ውሃ ወርደሽ እኔ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ!» እያለች ትነጥቀኛለች። እሷ በዓይኗ ሰው እንድታይ እኔ ቤት ተዘግቶብኝ እውላለሁ።

እርግጥ መንገዱም ከፍቶ ነበር። ከደጄ እስከ ምንጩ ቁልቁለት ነው፤ ድሮ በእግሬ ጠንቅቄ አውቀው ነበር። የዛሬ ሁለት ክረምት ጎርፍ ሸረሸረውና አንድ ቀን ተንከባለልሁ፤ እንስራዬ ደቀቀ፣ ጉልበቴ ተላጠ። ሰፈሩ ያን ጊዜ መንገዱን ማበጀት ሲገባው እኔን ከመንገድ አገደኝ።

ነገሩ የባሰው በኅዳሩ የቀበሌ ስብሰባ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጌጡ ቤቴን ከተመኘ ቆይቷል። ከመንገድ ዳር ስለሆነች ለሴቶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ትመቻለች ይላል። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ሰሌዳ ፊት አስቀምጦ «ጓዲት የሺ፣ ይህ ፊደል ማን ይባላል?» ብሎ የጠየቀኝ ይኸው ጌጡ ነው። «ብነካው እነግርህ ነበር» ብዬ ብመልስለት ሥነ ሥርዓት የላትም ተባልሁ።

በስብሰባው ላይ ጌጡ ተነሥቶ «አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ብቻዋን መኖር ትችላለች ወይ?» ሲል ጠየቀ። ፈንታነሽ ብድግ አለች። ለእኔ መቆሟ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አታስብ! እኛ አለንላት! እኛ ባንኖርማ ውሃ እንኳ አይደርሳትም ነበር፤ በጥም ትሞት ነበር!» አለችና አለቀሰች። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ መቼም።

ጌጡ አላለቀሰም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ይሰማኛል። ጽፎ ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ጓዲት የሺ ውሃ መቅዳት እንኳ የማትችል መሆኗን ሰፊው ሕዝብ መስክሯል። ስለዚህ እስከ ጥር ወር መጨረሻ እብናት ካለው ወንድሟ ዘንድ እንድትዛወር፣ ቤቱም ለማኅበሩ እንዲሰጥ ተወስኗል።»

ወንድሜ ወርቁ ክፉ ሰው አይደለም። እንግድነት ስሄድ ከምድጃው አጠገብ ቁርበት አንጥፎ ያስቀምጠኛል፤ እስክመለስ ድረስ ከዚያች ቁርበት እንድነሣ አይፈቅድልኝም። ባለፈው አንድ ሳምንት ሰንብቼ ስመለስ ጉልበቴ ተሳስሮ ነበር። እድሜ ልኬን እዚያ ቁርበት ላይ ስቀመጥ ታሰበኝና ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ፈንታነሽ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ስትወስደኝ «እኔ ምን አጠፋሁ? ምን አልሁ?» እያለች ትነፋረቃለች።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አልኋትና ክንዴን ነጠቅኋት።

በሳምንቱ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ አቶ አያሌው ቤት ሄድሁ። አቶ አያሌው በዚህ ዓለም ላይ የሚወዱት አንድ ነገር ቢኖር የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ነው። እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት።

«ጋሼ አያሌው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አልኋቸው። «ከደጄ እስከ ምንጩ ደረጃ አስቆፍሩልኝ። ዳር ዳሩን ድንጋይ ይደርደርልኝ፤ በእግሬ እየነካሁት እወርዳለሁ። ለእጄ መደገፊያ ደግሞ የባሕር ዛፍ አጠና ይተከልልኝ። ለሰፈሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ ወዲያ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ጌጡም ቤቴን አይወስደውም።»

«ልጄ፣ ነገርሽ ገብቶኛል። ነገር ግን እድር ሰው የሚያስወጣው ለሞተ ነው። ለቁም ሰው አካፋ አንሡ የሚል አንቀጽ የለንም።»

«እኔ የሞትሁ ዕለትስ?»

«አንቺማ ስትሞች!» ድምፃቸው ሞቀ። «ሰፈሩ አንድም ሳይቀር አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል።»

«እንግዲያው ያንን ቀን አሁን ስጡኝ።»

«ምን አልሽ?»

«የቀብሬን ቀን አስቀድሙልኝ ነው የምል። ስሞት አንድም ሰው እንዳይቆፍርልኝ። ጅብ ይብላኝ።»

«በስመ አብ! እንዲህ ያለ ነገር ነውር ነው!»

«መሪጌታ ሙላቴ ባለፈው ዓመት የቁም ተዝካራቸውን ሲያወጡ ዳሱን የጣሉት አንቱ አይደሉ? ኋላ የሚያወጣልኝ ልጅ የለኝም ብለው እያዩት አበሉ፣ አጠጡ። ማን ነውር አለ? አንቱም በልተዋል። የቁም ተዝካር ካለ የቁም ቀብር የማይኖርበት ምክንያት ምንድን ነው?»

ጨርቁ ሲፈታ፣ ወረቀቱ ሲገለጥ ሰማሁ። ብዙ ቆዩ።

«ቀብር በቁም አይደረግም የሚል አንቀጽ… የለም» አሉ በመጨረሻ። ደስ እንዳላቸው ያስታውቃሉ።

ቀኑን ራሳቸው መረጡት። በበዓል መሬት መቆፈር ነውር ነው፣ ለቀብር ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ በሚውልበት በታኅሣሥ ሚካኤል ይሁን አሉ። እኔም የቀብሬን ቀን ተረክቤያለሁ ብዬ አሻራዬን አኖርሁ። ለፈንታነሽ አልነገርኋትም፤ ብነግራት ቀን ሳትጠብቅ ብቻዋን ትቆፍረው ነበር።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አቶ አያሌው በሚካኤል ማለዳ ጥሩንባ ነፊውን ሞላን ቀስቅሰው «የየሺን ቀብር ለፍፍ» አሉት። መዝገቡ ላይ ያሰፈሩት እንደዚያ ነውና አንድ ቃል አልጨመሩለትም። ሞላ ደግሞ በሃያ ዓመት ውስጥ ከሞት በቀር ሌላ ነገር ለፍፎ አያውቅም።

እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ጥሩንባው ጮኸ። «የእድራችን አባል የየሺ በላይ ቀብር ዛሬ ነውና አካፋና ዶማ ይዛችሁ ውጡ! ሳትሰሙ እንዳትቀሩ!» አለ ሞላ፣ ያንን አንጀት የሚበላ ድምፁን አውጥቶ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የራሴ ሞት ራሴን አሳዘነኝ።

ወዲያው ሰፈሩ በዋይታ ተናጋ። ፈንታነሽ እየጮኸች መጥታ በአጠገቤ አልፋ ገባችና አልጋዬ ላይ ተደፋች።

«የሺዬ! የሺዬ! ውሃ ቀድቼልሽ ሳልጠግብ!»

«እኔ ግን ጠግቤያለሁ» አልኋት ከበሩ ላይ።

ጸጥ አለች። ከዚያ ከፊተኛው የባሰ ጩኸት ለቀቀች። መነሣቴን አይታ የጮኸችውን ያህል መሞቴን ሰምታ አልጮኸችም።

ግቢው በሰው ሞላ። ገሚሱ ያማትባል፣ ገሚሱ ይሳደባል። «እንባችንን በከንቱ!» አለች አንዷ፤ እኔ እንደምመልስላት ሁሉ። ጎበዞቹ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሊመለሱ ሲሉ አቶ አያሌው ደረሱ። ደንባቸውን ገልጠው፣ ለቀብር ተጠርቶ ሳይቆፍር የሚመለስ እንደሚቀጣ አነበቡ። «ሟቿስ?» አለ አንዱ። «ሟቿ ስለ መሞቷ ደንባችን የሚለው ነገር የለም» አሉ። መቃብር ሳይሆን የምንጩን ደረጃ እንዲቆፍሩ አዘዟቸው፤ እየተነጫነጩ ወረዱ።

እኔም አብሬያቸው ወረድሁ። መጀመሪያ የቆፈሩት ደረጃ ለበቅሎ እንኳ የሚከብድ ነበር፤ በእግሬ እየለካሁ አስፈረስኋቸው። «ይቺ ሬሳ ደግሞ ታዛለች» ይላሉ። ሴቶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ። ሦስት ጊዜ እጄን ሊይዙ መጡ፤ ሦስት ጊዜ በበትሬ መለስኋቸው። ሙሳ የእድራችን አባል ባይሆንም ለቅሶ ብሎ መጥቶ ቀረ። በአጠናው ጫፍ፣ መጨረሻው ደረጃ ያለበት ላይ ገመድ ቋጠረልኝ። «ይህችን ስትነኪ ምንጩ ሁለት እርምጃ ነው» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ቀትር ላይ ሥራው አለቀ። ለለቅሶ ያመጡትን እንጀራ ለመብላት ምንጩ ዳር ተቀመጡ። እኔ እንስራዬን ሞላሁና በጀርባዬ አዝዬ ብቻዬን ወጣሁ። አርባ አንድ ደረጃ ነው። ፈንታነሽ ግን ስትከተለኝ ይሰማኛል፤ እንዳትነካኝ እጇን በእጇ ይዛ እንደ ነበር ኋላ ነገሩኝ።

ከደጄ ስደርስ መዶሻ ሰማሁ። በሬ ላይ ምስማር ይመታል።

«ማነው?»

መዶሻው ቆመ። «እ… ጓዲት የሺ?» የጌጡ ድምፅ ነው። የመሞቴን ወሬ ሰምቶ፣ ሰው ሁሉ ቀብር ላይ ነው ብሎ፣ ጓጉንቸር ይዞ ቤቴን ሊያሽግ መጥቷል። ጥር እስኪያልቅ እንኳ አልታገሠም። «ሞታለች የሚል ሪፖርት ደርሶን ነበር» አለ።

«እንግዲያማ ገለል በልልኝ። ሬሳው ውሃ ተሸክሟል፣ ይከብደዋል።»

አልተንቀሳቀሰም። «ውሃውን ማን ቀዳልሽ?» አለ። መቼም አይሸነፍም። ከዚያ ወደ ኋላዬ ተናገረ፦ «ጓዲት ፈንታነሽ፣ አንቺ ነሽ የቀዳሽላት?»

የእንስራው ገመድ ትከሻዬን እየቆረጠኝ ቆምሁ። አንዲት «አዎ» ብትል ቤቴ ሄደ። አራት ዓመት ሙሉ ስትኮራባት የኖረችው ሥራ ናት፤ አሁንም አፏ ላይ እንዳለች አውቃለሁ።

«እኔ…» አለች ፈንታነሽ። «እኔ አልቀዳሁላትም። ራሷ ናት የቀዳችው።» ይህን ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እውነተኛ ለቅሶዋ ይህ ነበር፤ አሳዘነችኝ።

ጌጡ መዶሻውን ይዞ ሲሄድ «ቁልፉንስ?» አልሁት። መዳፌን ዘርግቼ ቆምሁ። ሰጠኝ፤ የመዛወሬ ነገርም በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ስወጣ በሬን የምቆልፈው በዚያ በቀበሌው ጓጉንቸር ነው፤ ጨውና በርበሬዬን የሚያዘዋውር ጠፋ። ፈንታነሽም አሁን ከደጅ ሆና «ልግባ?» ትላለች። አንዳንድ ቀን «አትግቢ» እላታለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገና ጎህ ሳይቀድ ሞላ ጥሩንባውን ነፋ። የታችኛው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ዐርፈው ነበር። «ለለቅሶው ቤት ውሃ የምትቀዱ ባለተራዎች፦ ውዴ! ፈንታነሽ! የሺ!» አለ።

ከመደቤ ዘልዬ ተነሣሁ። እድር ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ያስቀምጡኛል እንጂ ስሜ ለሥራ ተጠርቶ አያውቅም። በትሬን ይዤ አቶ አያሌው ደጅ ሄድሁ።

«መዝገቡ ላይ ተቀብራለች ብለው ጽፈው ደግሞ ውሃ ቅጂ ይሉኛል?»

ወረቀቱ ሲገለጥ ሰማሁ። «የተቀበረ ሰው ከተራ ነፃ ነው የሚል አንቀጽ የለም» አሉ።

ተበሳጨሁ፤ እሳቸውንም ሞላንም ረገምሁ። እየረገምሁ እንስራዬን አዘልሁ፣ በሬን ቆለፍሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለለቅሶ የሚሄድ ሰው እንዲህ ደስ ሊለው አይገባም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ደረጃውን ስጀምር ፈንታነሽ ከኋላዬ ተንደረደረችና ቆመች።

«የሺ፣ ቀስ በይ እንጂ! ጨለማ ነው፣ ምንም አይታየኝም። ወደቅሁልሽ!»

«አጠናውን ያዢ። ድንጋዩን በእግርሽ እየነካሽ ተከተይኝ፤ አርባ አንድ ነው፣ እኔ እቆጥርልሻለሁ» አልኋት። እጇን ግን አልያዝሁም።