ለእንግዳ የደመቀ መብራት

ሳቢሃ የቡና መፈልፈያዋን ሞተር ልታስነሳ ስትል ሐጂ ሙርሺድ በሩን በከዘራቸው መቱት።

«ማሎ ሳቢሃ፣ እባክሽ! ዛሬ እንዳታስነሺ። የመብራት ኃይል ኢንጂነሮቹ ሰኮሩ ከተማን አልፈዋል፤ ሊደርሱ ነው።»

«ይምጡዋ፣ ሐጂ! ሞተሬ ሲያቃስት ይስሙት።»

«እንግዳ ሲመጣ ጓዳሽን ታሳዪዋለሽ? አምፖሉ እያጣጣረ ነው የምንቀበላቸው?»

ሽማግሌዎቹ መብራቱ ለእንግዶቹ እንዲደምቅ ከማለዳ ጀምረው ቤት ለቤት ዞረው የኤሌክትሪክ ምድጃውንም፣ ፍሪጁንም፣ ብየዳ ቤቱንም አስጠፍተዋል። ከጅማ የሚመጡት ባለሙያዎች አዲሱ ትራንስፎርመር ለየትኛው ከተማ እንደሚቀድም የሚወስኑት ዛሬ የኤሌክትሪኩን ጉልበት ለክተው ነው። በአሮጌው ጉልበት ማነስ የሳቢሃ ሞተር ሁለቴ ተቃጥሏል፤ አዲሱ ካልመጣ የዘንድሮው ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀው ቡና፣ ሳይፈለፈል ይቀራል፤ እሷም ሥራዋን ትዘጋለች። ሐጂን እምቢ ማለት ግን በዚህ ከተማ አልተለመደም። እጇን ከማብሪያው አነሳች።

ከጅማ የመጣው ወጣቱ ኢንጂነር ደምመላሽ፣ ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ በሳቢሃ መፈልፈያ ቤት መለኪያውን አይቶ ተደነቀ።

«ሁለት መቶ ሃያ ቮልት! የእኔ ቢሮ እንኳ ይህን አያገኝም።»

ሐጂ ሙርሺድ ደረታቸውን ነፉ። ሳቢሃ አላስቻላትም።

«ወንድሜ፣ ሁሉን አጥፍተን እኮ ነው! ለእናንተ ክብር ብለን።»

«ፍጆታችሁም በየዓመቱ እየወረደ ነው፣ እህቴ። ዕቅዱ ደግሞ ፍላጎት ያደገበትን ነው የሚያስቀድመው።»

«ያልሰጣችሁኝን ከየት አምጥቼ ልጠቀም?»

«ልክ ነሽ። ቀመሩ ግን ይህን አይጠይቅም።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባቴ፣ እውነቷን ነው? ሞተሩ ይነሳና ደግሜ ልለካ?»

ከተማው ሁሉ ሐጂን አየ። ለእንግዳ «ጎደለን» አይባል ነገር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም» አሉ።

ደምመላሽ «አስቸኳይ አይደለም» ብሎ ጻፈ፤ አመስግኖም ሄደ።

የመኪናው አቧራ ሳይረጋ ሰዉ ምድጃውን ሰካ። የሳቢሃ አምፖል እንደ ብርቱካን ቀላ።

«ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዕቅድ…» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«መቼ ነው እሱ?»

«ከአምስት ዓመት በኋላ ነው አሉ።»

ሳቢሃ ስልኳን አወጣች። ጅማ ከተማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ላለው የማሽን ነጋዴ ደወለች።

«ሱፊያን፣ መፈልፈያውን ልሸጠው ነው፤ ና ውሰደው።»

«ይሠራል?»

የሚያቅማማውን አምፖል ቀና ብላ አየች።

«እዚህ አይሠራም። አንተ ጋ ይሠራል» አለችና የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረች።