ለክረምት የቆመው ሎሪ

«ተው፣ አትቅዳው! ባዶውን ከቆመማ በክረምት ዝጎ ያልቃል!»

እናኑ ከዳሱ ሥር ቀና አለች። የባሏ የታምሬ ሠልስት ነበር። ግቢው ጥግ የሟቹ ወንድም እንግዳው ሎሪው ሥር ተንበርክኮ፣ ናፍጣውን ሊያወጣ ቱቦ ሰልባትዮው ውስጥ ከትቷል። ሾፌሩ ሞቷል፤ ዝናቡም ደርሷል፤ የሱዳኑ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ እስኪደርቅ መኪናው ከዚያ አይነሣም። ከእንግዳው አጠገብ አረንጓዴ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን መጎናጸፊያ፣ የለበሰች ሴት ቆማለች። የጮኸችው ኡምሰልማ ናት፤ በድንበሩ መንገድ፣ ዶካ ላይ ሻይ የምትሸጠው።

«እስከ አፉ ነው የሚሞላ» አለች። «ሰልባትዮው ውስጡ ክፍት ቦታ ካለው ሌሊት ሌሊት ያልበዋል። ላቡ ወርዶ ከናፍጣው ሥር ይተኛና ብረቱን ይበላዋል። ታምሬ ነው የነገረኝ።»

ለቀስተኞቹ ተያዩ። አንዷ በሹክሹክታ «ለሻይ ሻጭ ይህን ሁሉ?» ስትል እናኑ ሰማች።

ለእሷ ስለ መኪናው አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም። ስለ ምንም ነግሯት አያውቅም። በዚያ በሰባ ሰባቱ ርሃብ ታምሬ ድንበር የደረሱትን ስደተኞች እየጫነ ወደ መጠለያ ያመላልስ ነበር። ቤት ሲመጣ ልብሱን ደጅ አውልቆ፣ ታጥቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ደክሞኝ ነው» ይላል። የገደለው ወባ ሲጥለው እንኳ ከአፉ የወጣው «ውሃ» ብቻ ነበር።

ተነሥታ ሄደች።

«ታምሬ ምንሽ ነበር?»

ኡምሰልማ ቶቧን ወደ አፏ ሳበች። «ወንድሜ ነበር፣ ወላሂ። ጭኖ ሲያልፍ ሻይ ይጠጣል። ያወራል፤ ያለቅሳል። መኪናው ላይ ስለሞቱት... ሕፃናቱን በስማቸው ይጠራቸው ነበር።»

«ለምን ላንቺ?»

«‹እናኑ ልጇን ቀብራ ገና አልጠናችም፤ ይህን ይዤባት አልገባም› ይለኝ ነበር።»

እናኑ ወደ ሎሪው ዞረች። ከሌላ ሴት ጋር ተኝቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። ልጁማ የሁለታቸው ነው። እሷ በጨለማ ጀርባውን እያየች ብቻዋን ስታነባ፣ እሱ እንባውን ዶካ ላይ ያፈስሰው ነበር።

«እንግዳው፣ ቱቦውን አውጣ» አለች። «ከጓዳው በርሜል ቀድተህ አምጣልኝ።»

«እቴ፣ አንቺ ኀዘንተኛ አይደለሽ? እኛ እንሞላዋለን።»

«የእኔ ባል መኪና ነው። እኔ ነኝ የምሞላው።»

ናፍጣው በጀሪካን መጣላት። ቆሻሻ እንዳይገባ የነጠላዋን ጫፍ የሰልባትዮው አፍ ላይ ዘርግታ አጠለለችው። ኡምሰልማ ልታግዛት እጇን ብትሰድ በክርኗ ገፋቻት። ናፍጣው ሞልቶ እጇ ላይ ሲፈስስ፣ ክዳኑን ኡምሰልማ አንሥታ ይዛ ኖሮ አቀበለቻት። እናኑ መንጭቃ ወስዳ አጥብቃ ዘጋችው።

ተመልሳ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠች። ኡምሰልማ ጫማዋን አጥልቃ ወደ በሩ አመራች። በድንበሩ፣ በገላባት በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ወዴት ነው?» አለቻት እናኑ፣ ቀና ብላ ሳታያት። «ስለ ልጃችንስ? ስለ እሱ ምን ይልሽ ነበር?»

ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን ነጠላዋን ከምንጣፉ ላይ ሰብስባ፣ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት።