የትኛው አድራሻ ይቅደም

ነሐሴ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከጥዋቱ አራት ሰዓት ላይ አያ አበረ ከፎገራ ሜዳ ደወሉ። ወንድሜ ዓለምነው በተቀበረ ማግሥት ነበር።

«ስመኝ፣ እግዜር ያጥናሽ። ስልኬ ዝም አለሳ። ጉማራ ጎደለ ማለት ነው?»

ዓለምነው ጉማራ ወንዝ ላይ የውኃ መለኪያ ተክሎ ነበር። መለኪያው ቁጥሩን ወደ አንድ ሩቅ ኮምፒውተር ይልካል፤ ወረታ ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ደግሞ በኢንተርኔት ከዚያ እያነሣ፣ ወንዙ ሲሞላ በታች ላሉት ገበሬዎች መልእክት ይሰዳል። መልእክት ካልመጣ ከብቱ ከሜዳው አይነሣም።

በለቅሶ ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን አይከፈትም። ጎረቤቶቻችን የተሰካውን ሁሉ ነቅለዋል፤ ኮምፒውተሩንም ሞደሙንም።

«አያ አበረ፣ ዝም ያልነው እኛ ነን። ከብቱን ወደ ጉብታው ያውጡት።»

«ጉብታው ላይ ምን ሊበላ፣ ድንጋይ? መልእክቱ ይምጣና አወጣለሁ። አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ሁሉም ጎርፍ ይመስልሻል።»

ዘጉት። ከተቀመጥኩበት ስነሣ ጎረቤታችን እትዬ አማከለች ነጠላዬን ያዙ።

«ሠልስቱ ሳይወጣ ሥራ? ሰው ምን ይላል?»

«የነቀላችሁትን ልሰካ ነው።»

«እኔ ቴሌቪዥኑን ብቻ ነው ያልኳቸው። ገመድ ሁሉ አንድ መሰላቸው» አሉና ለቀቁኝ።

ሰካሁት። ዓለምነው የጻፈው ፕሮግራም ተነሣ፤ ቁጥር ግን አልመጣም። ኢንተርኔት ላይ ሁለት ዓይነት አድራሻ አለ፤ አጭሩ አሮጌ፣ ረጅሙ አዲስ። ሞደሙ እስከዚያ አሮጌውን ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ተነቅሎ ሲመለስ አዲሱንም አድራሻ ሰጥቷል፣ በዚያ በኩል ያለው መንገድ ግን የትም አያደርስም። ፕሮግራሙ አዲሱን ያስቀድማል፤ መልስ እስኪያገኝም ይጠብቃል። መልስ ስላልነበረ ወደ አሮጌው አልተሻገረም።

ምርጫው የዓለምነው ነበር። አምና ተከራክረንበታል። «አሮጌው ይቅደም፣ የታወቀ ነው» ስለው፣ «አሮጌውማ አልቋል፤ አንቺ ሙዚየም ጠባቂ መሆን ነበረብሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ የጻፈውን አልነካሁበትም።

ፋይሉን ከፈትኩ። አሮጌው እንዲቀድም፣ አዲሱ እንዲከተል ቦታቸውን አቀያየርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስፈቅደው። ፕሮግራሙን እንደገና ሳስነሣው ቁጥሩ መጣ፤ ዓለምነው የአደጋ ብሎ ካስቀመጠው ልክ በላይ ነበር። መልእክቱም ወዲያው ወጣ። «ዓለምነው ነኝ። ጉማራ ሞልቷል፣ ከብት ይነሣ» ይላል፣ እንደ ወትሮው።

አያ አበረ መልሰው አልደወሉም። ከብቱን ግን ነዱት። ከሰዓት በኋላ ውኃው ሜዳውን ያዘ። አንዲት ጊደር ረግረጉ ውስጥ ቀረች፤ የቀሩት ጉብታው ላይ ሰነበቱ። በመስከረም የአዲሱ አድራሻ መንገድ ተስተካከለ፤ ቅደም ተከተሉን አልመለስኩትም።