ከሸክላው ጀርባ የምትጮኸው ሴት

አልአዛር ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የጭነት ሰነድ ይተረጉማል። ድምፁ ቀጭንና ትሑት ስለሆነ ደንበኞች በስልክ «ማዳም» ይሉታል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ «የጨው መቃብር» የተባለው የሜታል ባንድ ድምፃዊ። ባንዱ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ጊታሩን ጅቡቲያዊው ጓደኛው ጃቢር ይጫወታል፤ ድሬዳዋ ስለተማረ አማርኛው አይታማም። ከበሮውን ኮምፒውተር ይመታዋል። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ አልአዛር በላዩ ላይ ስለ ሞት፣ ስለ እሳት፣ ስለ ምድር መጥፋት ያጓራል። ራሱ ግን በረሮ ሲያይ ወንበር ላይ ይወጣል።

የመጀመሪያዎቹን አራት ዘፈኖች የቀዱት ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር፣ ጃቢር ቤት ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀቱ ተሸንፎ ጋደም በሚልበት ሰዓት። ፖላንድ ያለች አንዲት ሚጢጢ አሳታሚ ሁለት መቶ ትንንሽ ሸክላ አውጥታ ሃያውን ላከችላቸው። አልአዛር ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ከፖስታ ቤት ወጣ። የሸክላ ማጫወቻ እንደሌላቸው ትዝ ያለው መንገድ ላይ ነው።

ሬዲዮ የሚጠግኑት አዛውንት ዓብዱልጀሊል አንድ አሮጌ ማጫወቻ ስለነበራቸው ከጃቢር ጋር ወደ እሳቸው ሄዱ። ሸክላው መዞር ሲጀምር አልአዛር ዐይኑን ጨፈነ። ድምፁ ከመሬት በታች የሚወጣ ይመስላል፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ አስፈሪ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ራሱም አያውቅም ነበር።

«አልአዛር፣» አለ ጃቢር ቀስ ብሎ፣ «ፍጥነቱ ተሳስቷል፤ ሸክላው ከሚገባው በላይ እየተንቀራፈፈ ነው።»

ሽማግሌው አስተካከሉት። በትክክለኛው ፍጥነት የአልአዛር ድምፅ የዓሣ አጥንት የተሰነቀረበት ሰው ሳል ሆነ። ሸክላው ተገለበጠ፤ ጀርባውም ያው ሳል ነው። መጨረሻው ላይ ግን ጊታሩ ዝም ሲል አንዲት ሴት ጮኸች፦ «እናንተ ከይሲዎች! ስንት ታግዬ ያስተኛሁትን ልጅ!»

ዓብዱልጀሊል አማርኛ ባይሰሙም መፍቻቸውን ጣሉ። «ይቺ ማን ናት?»

«ከላይ ቤት የምትሠራ ናት፣» አለ ጃቢር። «በመስኮት ስትሰድበን ማይክሮፎኑ ያዛት። ደስ ስላለኝ አላጠፋሁትም።»

ወር ሳይሞላ ከፖላንድ ደብዳቤ መጣ። አንድ የሙዚቃ ተቺ ስለ ሸክላው ጽፏል፤ አሳታሚዋም በሚቀጥለው ሸክላ ላይ ሴትየዋ ትዘፍን ዘንድ ትለምናለች። አልአዛር ሦስት ቀን ሳይመልስ አኮረፈ። በአራተኛው ቀን ከጃቢር በላይ ወዳለው ቤት ደረጃውን ወጥቶ አንኳኳ።

ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ከፈተች። ስሟ ሲምቦ ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ያን ቀን የሰደብሽን እኛ ነን።»

«የትኛውን ቀን?» አለች።

የስልኩን ማዳመጫ ሰጣት። መጀመሪያ እሱን ሰማች። «አሞህ ነው?»

«ዘፈን ነው።»

ቀጥሎ ራሷን ሰማችና ፊቷ ተለወጠ። «ሳትጠይቁኝ ነው ሸክላ ላይ ያወጣችሁኝ?»

አልአዛር ስለ ጥበብ ሊናገር ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። «አዎ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከፈለግሽ የቀረው እንዳይሸጥ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

አንድ ጊዜ ደግማ ሰማችው። «ሰው ምን አለ?»

ተቺው የጻፈውን አውጥቶ ይተረጉምላት ጀመር። ስለ ራሱ ወደሚለው አንቀጽ ሲደርስ ሊዘል አሰበ፤ ግን ሰነድ ቆርጦ ተርጉሞ አያውቅም። «ወንዱ ድምፃዊ ጉምሩክ ወረፋ ላይ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ይመስላል» ሲል አነበበ። «የሴቲቱ ጩኸት ግን ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል።»

ሲምቦ ሳቀች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ እስኪነቃ ድረስ ሳቀች። «እውነቱን ነው! እኔ እኮ ናዝሬት ሦስት ዓመት ወያላ ነበርኩ። አንተ የምትጮኸው በጉሮሮህ ነው። ከሆድህ አውጣው።»

አልአዛር ደረጃው ላይ ቆሞ «ሞት!» አለ።

«ከጉሮሮ ነው። ሞቱን ተወውና ሞጆ በል። መኪናው ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶሃል።»

«ሞጆ!» አለ። ከዚያ ሆዱን ይዞ «ሞጆ! ሞጆ! ሞጆ!» ሲል ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሌባ የተያዘ መስሏቸው ወጡ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ሸክላ ላይ እንድትዘፍን ሲለምናት ሲምቦ ሁለት ነገር ጠየቀች፦ ስሟ በትክክል እንዲጻፍና ሕፃኑ በሚተኛበት ሰዓት ጊታር እንዳይነካ። በእረፍት ቀኗ፣ ዓርብ፣ ጃቢር ቤት መጥታ ሦስት ዘፈን ቀዳች። አልአዛር ከኋላዋ ቆሞ እየጠበቀ፣ ስትጠቅሰው ብቻ ይጮህ ነበር። ጃቢር አንድም ጊዜ «ድገመው» አላለውም፤ ይህ ደግሞ ከተመሠረቱ ጀምሮ ሆኖ አያውቅም።

ለአሳታሚዋ የሚላከውን ስም ዝርዝር የጻፈው አልአዛር ራሱ ነው። «ድምፃዊት፦ ሲምቦ» አለ። ከሥሩ «ልዩ ተቀባይ፦ አልአዛር» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አየውና «ልዩ» የሚለውን ሰርዞ ላከው።