እምቢ ያለችው ሳጥን

ደምለው ደክሞታል። የአንድ ቀን ድካም አይደለም፤ ከሮብ ገበያ ከተማ ወዲያ፣ ጭቃና ጉም በማይለያት አንዲት ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ የተጠራቀመ ድካም ነው። ተተኪ ላኩልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ጽፏል፤ መልስ የለም። ስልክ ባልገባበት በዚያ የዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ከደብረ ማርቆስ የሕመምተኛ መኪና የሚጠራው በእሱ ጉሮሮ ብቻ ነበር።

ዕቃው ሦስት ነው። ትንሿ ሬዲዮ አለች፤ የእሷን ደካማ ድምፅ የሚያጎለብት አምፕሊፋየር አለ፤ በነሱና በውጭው የአንቴና ሽቦ መካከል ደግሞ ቱነር የሚሏት ሳጥን ተቀምጣለች። ብልህ ናት። አንቴናው ሲታመም ቀጭ ቀጭ እያለች ታስተካክላለች፤ ካቃታት ቀይ ታበራና አምፕሊፋየሩን ዝም ታሰኘዋለች። አለዚያ የላከው ጉልበት ተመልሶ እሱኑ ያቃጥለዋል። ትእዛዟ የሚያልፈው በአንዲት ቀጭን ሰማያዊ ሽቦ ነው። ጠጋኙ እንዳላማው ከደብረ ማርቆስ በመጣ ቁጥር፣ "ጋሽ ደምለው፣ ቀይ ሲበራ ወጥተው አንቴናውን ይዩ እንጂ ይህችን ሽቦ እንዳይነኩ" ይለዋል። እሱም "ኧረ ምን በወጣኝ!" ይላል።

ነክቷል እንጂ! ሳጥኗ ስትነጫነጭበት ሁለት ጊዜ ሽቦዋን ነቅሎ፣ ምንም ሳይሆን መልእክቱ ደርሶለታል። ከዚያ ወዲህ ናቃት።

በዚያን ዕለት ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ዝናብ አበስብሶት ተመለሰ። ፀሐይ ብልጭ ስትልለት ጋቢውን አውልቆ አንቴናው ላይ አሰጣው። ሌላ ሰው ቢያሰጣበት ግቢውን በጩኸት የሚያናውጠው እሱ ራሱ ነው። "ለአፍታ ነው" አለና ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ቀትር ላይ ነርሷ መቅደላዊት በሩን በርግዳ ገባች።

"ጋሽ ደምለው፣ የጎረቤትዎ ልጅ ወለላ ምጥ ጸንቶባታል። ልጁ በጎኑ ነው የመጣው። መኪና ይጥሩልኝ፣ ቶሎ!"

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ሬዲዮውን ከፈተ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ቀይ።

"ደሞ ጀመረሽ!" አላት ሳጥኗን።

መውጣት ነበረበት፤ በሩ አምስት እርምጃ ነው። ታከተው። ዝናቡም፣ ጭቃውም፣ የገዛ ጉልበቱም ታከተው። ሰማያዊዋን ሽቦ ነቀለና መነጋገሪያውን ተጫነ። "ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ማርቆስ..." ሳይጨርስ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተው፤ አምፕሊፋየሩ ጢስ ተፋና ጭጭ አለ።

ያኔ ሮጦ ወጣ። ጋቢው ዝናብ ጠጥቶ ከብዶ፣ የአንቴናውን ሽቦ ጎትቶ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አስተኝቶታል።

"ወይኔ ደምለው! ወይኔ!"

መንጭቆ አወረደው። ተመልሶ ሲሞክር አረንጓዴ በራ። ምን ያደርጋል፣ የቀረችው የትንሿ ሬዲዮ ድምፅ ናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጮኸ። ደብረ ማርቆስ አልሰማውም፤ በመጨረሻ የይጁቤ ጤና ጣቢያ የሬዲዮ ሠራተኛ ሰምቶ አስተላለፈለት። መኪናው ደርሶ ወለላን በቃሬዛ ሲያወጧት፣ ምድጃ ዳር የደረቀውን ያንኑ ጋቢ አለበሳት።

እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሐኪሙ "ሁለት ሰዓት ቀድማ ብትደርስ ልጁም ይተርፍ ነበር" አለ ተባለ።

እንዳላማው ሊጠግን መጥቶ የከሰለውን አየና፣ "መብረቅ ነው አይደል?" አለ። ደምለው አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ መብረቅ ተብሎ ተጻፈ።

ወለላ በወሩ መጣች። ከስታለች። ጋቢውን አጥባ፣ አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችውና ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

"ጉሮሮዎ እስኪዘጋ ጮኸው ነው ያዳኑኝ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።"

በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ዝም ሊል ነበር፤ ጋቢው ግን እጁ ላይ ከበደው።

"ወለላ፣ ዕቃውን ያቃጠለው መብረቅ አይደለም" አላት። "ሽቦውን ያበላሸው ይሄ ጋቢ ነው። ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ሳጥኗ ወጥተህ እይ ስትለኝ አላየሁም። ደክሞኝ ነበር። ሁለቱን ሰዓት የበላሁብሽ እኔ ነኝ።"

 ወለላ ጋቢውን ከእጁ መልሳ ወሰደችና፣ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋው ወጣች።